ስለ ቀጭን ነፍጥና ስለ አጋዘን አደን

የሰው ጠባይ በሚገባ የሚመረመረው በእጁ በወደቀ ደካማ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው። በታላቅ ሰው ፊት ሁሉም ትሑት ነው፤ በዳኛ ፊት ሁሉም እውነተኛ ለመምሰል ይጥራል፤ ምስክር በሌለበት በረሃ፥ መናገር በማይችል ፍጡር ፊት ብቻውን ሲቆም ግን፥ ያን ጊዜ የልቡ ምሥጢር ይገለጣል። ስለዚህ ልጆቻችን ለታላላቆቻቸው እጅ እንዲነሡ፥ ለእንግዳም ወንበር እንዲለቁ ስናስተምራቸው፥ ለእንስሳና ለአራዊት ምን ሊሆኑ እንደሚገባቸው ጨምረን ብናስተምራቸው ምግባራቸው ምሉእ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ለመነጋገር የመረጥነው ከዚሁ ወገን የሆነ ነገር ነው። በከተማችን በድሬ ዳዋና በሐረርጌ ባሉ በብዙ የቀድሞ ቤቶች ግድግዳ ላይ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ይታያል። ወጣቱ ያንን እያየ ያድጋል። ዕድሜው ሲደርስም አባቱን፥ «አባባ፥ ይህ የአያቴ ነፍጥ አጋዘን ይጥላልን?» ብሎ ይጠይቃል። አባትየውም ብዙ ጊዜ ስለ አያቱ ጀግንነት ተርኮ ዝም ይላል። ጥያቄው ሲሰሙት ስለ ብረትና ስለ ባሩድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን መልሱ ያለው በሕሊና ውስጥ ነው። እኛም እንደ አቅማችን ልንመልሰው እንወዳለን።

አስቀድመን መሣሪያው ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ማለት ቀለሃ የሌለው ነው። ባሩዱ ተሰፍሮ በአፈ ሙዙ ይፈስሳል፤ ቀጥሎም በትንሽ ጨርቅ የተጠቀለለ ድብልብል እርሳስ ይገባል፤ በዘንግም እየተገፋ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ እሳቱ በጥንቱ ዘመን በተለኮሰ ክር፥ ቀጥሎ በባልጩት፥ በመጨረሻም ካፕሱል በምትባል በትንሽ የመዳብ ቆብ ይነሣል። እጅግ የሠለጠነ ወታደር በአንድ ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። በአደን ሜዳ ላይ ግን ሁለተኛው እርሳስ እስኪጎርስ ድረስ አውሬው ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አዳኙ ያለው አንድ ተኩስ ብቻ ነው ብሎ መቍጠር ይገባዋል።

ይህ ዓይነት መሣሪያ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ጋራ የመጡት 400 ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ነበር፤ ከሐረር ከተነሣው ከኢማም አሕመድ ጋራም የቱርክ ነፍጠኞች ተሰልፈው ነበር። ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ፥ በቅኔው በአውሮጳ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ሸዋ ብዙ ባለ ካፕሱል ጠመንጃ በግመል አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። ዋጋውንም ለመቀበል ወደ ሐረር ወደ ደጃዝማች መኰንን፥ በኋላ ራስ ወደሆኑት፥ መምጣት ነበረበት። ራምቦ ራሱ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ እነዚህ ጠመንጃዎች በአውሮጳ ከ40 ዓመት በፊት ከሥራ የወጡ መሆናቸውን፥ በሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ እንደሚገኙ፥ ለሸዋ ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ሳይሸሽግ ገልጧል። እንግዲህ በግድግዳችን ላይ የምናየው አሮጌ ብረት ከብዙ ድካምና ከብዙ ንግድ በኋላ የመጣ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦራችን ድል ሲያደርግ ግን በብዛት የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ባለ ቀለሃ ጠመንጃ ነበር፤ በአፈ ሙዙ የሚጎርሰውም ከዚያ ወዲህ እየቀረ ሄዶ ወደ ግድግዳ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ያ የጦር ሜዳ ነፍጥ አፈ ሙዙ ሰፊ ነበር፤ ስፋቱ ወደ 18 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፥ የሚጥለውም እርሳስ ከ25 ግራም የሚበልጥ ነበር። ከዚህ የተለየ ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ይኸውም አፈ ሙዙ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው ቀጭን ነፍጥ ነው። ይህ በተለይ በአሜሪካ አገር ባሩድና እርሳስ ለመቆጠብ ተብሎ ለሽኮኮና ለጥንቸል አደን የተሠራ ነው። ሁለቱም በአፈ ሙዛቸው ስለሚጎርሱ፥ ሁለቱም ጢስ ስለሚያወጡ፥ ያላወቀ ሰው አንድ ናቸው ይላል። በሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ልዩነቱን በሒሳብ እንመልከተው። የድብልብል እርሳስ ክብደት ከስፋቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ እርሳስ ወደ 24 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን 3 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ «ግማሽ ነው» ብሎ ቀጭኑን ነፍጥ የያዘ ሰው በእውነቱ የያዘው ስምንተኛውን ነው። ከዚህም በላይ ድብልብል እርሳስ እንደ ዛሬው ሹል ጥይት አየሩን አይሰነጥቅም፤ 100 ሜትር ሳይርቅ ከፍጥነቱ ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል፤ ቀላሉም ከከባዱ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የመምታት ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ በ20 ሜትር ጥንቸል የሚጥለው ነፍጥ፥ በ100 ሜትር አጋዘን ላይ ሲተኮስ ምን ያህል እንደሚደክም አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ቀጥለን አውሬዎቹን እንይ። በየዓመቱ ቀንዱ እየረገፈ እንደገና የሚያበቅለው፥ በመጻሕፍት ትርጕም «ዋላ» የሚባለው የባሕር ማዶ አውሬ ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይገኝም። በእኛ አገር በእርሱ ፈንታ ያሉት ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን የሚሸከሙት የአጋዘንና የሚዳቋ ወገኖች ናቸው። ከድሬ ዳዋ እስከ አዋሽ በተዘረጋው ቆላ፥ በግራሩና በእሾሁ መካከል፥ እንሹ የምትባለው ታናሽ ፍጡር፥ የሜዳ ፍየል፥ አምባራይሌ፥ ሳላም ይኖራሉ፤ በተራራው ጥግ ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘው ታላቁ አጋዘን አለ። እንሹ ከ4 ኪሎ ግራም አትበልጥም። የሜዳ ፍየል ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የአምባራይሌ ወንዱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሳላ ከ150 ኪሎ ግራም ያልፋል። የታላቁ አጋዘን ወንዱም እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚደርስ አለ። እነዚህን ሁሉ በጅምላ «የዱር ፍየል» ብሎ ለሁሉም አንድ ነፍጥ መያዝ፥ የሕፃንን ልብስ ለጐልማሳ እንደ መስፋት ነው።

ቀጭኑ እርሳስ በትልቅ አውሬ ላይ ሲያርፍ የሚሆነው እንዲህ ነው። ልብን ወይም ሳንባን ካገኘ አውሬው ሊወድቅ ይችላል። የትከሻ አጥንት ካገኘ ግን እዚያው ይቆማል። ሆድን ካገኘ አውሬው አይወድቅም፤ ይሮጣል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቆዳው ሲሸሽ ይደፍነዋል፤ እርሳሱም በሌላ ወገን ስለማይወጣ ደሙ ወደ ውጭ አይፈስስም። ደም ካልፈሰሰ ፋና የለም፤ ፋና ከሌለ ደግሞ በዚህ በድንጋያማና በእሾሃማ አገር ማን ተከትሎ ያገኘዋል? ፀሐይ ስትጠልቅ አዳኙ ወደ ቤቱ ተመልሶ «ሳትኩት» ይላል። በእውነቱ ግን አልሳተም። አውሬው በቍጥቋጦ ሥር ተኝቶ ሌሊቱን ያቃስታል፤ ወይም ጅብ በሕይወቱ ሳለ ያገኘዋል፤ ወይም ቍስሉ መግል ይዞ በብዙ ቀን ይሞታል። የአዳኙን «ሳትኩት» ማንም አይመረምረውም፤ ስለዚህ እርሱም በሚመጣው ሳምንት ያንኑ ነፍጥ ይዞ ይወጣል።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚያቀርቡት አንድ ክርክር አለ፤ ውበት ያለው ክርክር ስለሆነ ሳንንቅ እንመልሰው። እነርሱ የሚሉት፥ «የዛሬው ጠመንጃ ከ300 ሜትር በመነጽር ዐልሞ ይገድላል፤ በዚህ ውስጥ ጀግንነት የለም፤ አውሬውም የማምለጥ ዕድል የለውም። በአሮጌና በደካማ መሣሪያ ማደን ግን ለአውሬው ዕድል መስጠት ነው» ነው። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለ። አንድ ተኩስ ብቻ ያለው ሰው መታገሥን ይማራል፤ ነፋሱን ያጠናል፤ በሆዱ እየተሳበ እስከ 40 ወይም 50 እርምጃ ይቀርባል፤ ካልቀረበም ሳይተኩስ ይመለሳል። በጥይት ብዛት የሚመካ ሰው ይህን ትምህርት አያገኝም። አሮጌውን ነፍጥ የምናከብረውም ስለዚሁ ነው።

ነገር ግን ዕድል የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አውሬው ኮሽታ ሰምቶ፥ ሽታ አሽትቶ፥ ሳይነካ በደኅና ቢያመልጥ፥ ይህ በእውነት ዕድል ነው፤ አዳኙም ተሸንፎ በክብር ይመለሳል። አውሬው በሥጋው ውስጥ እርሳስ ይዞ ቢያመልጥ ግን ይህ ዕድል አይባልም፤ ሞቱ ረዘመ እንጂ አልተረፈም። ስለዚህ ለአውሬው ዕድል መስጠት የሚወድ ሰው ዕድሉን ከተኩሱ በፊት ይስጠው፤ በእግሩ ይቅረብ፥ መነጽሩን ይተው፥ አንድ ጥይት ብቻ ይያዝ። ተኩሱ ከወጣ በኋላ ግን ለአውሬው የሚገባው ዕድል ሳይሆን ፈጣን ሞት ነው። ድካምን በመቅረብ ላይ እንጂ በእርሳሱ ላይ ማድረግ አይገባም። በአጭር ቃል፥ አሮጌ ነፍጥ በጎ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን ነፍጥ ለትልቅ አውሬ ግን በጎ አይሆንም። የሁለቱ መጋጨት የመጣው እርጅናንና ድካምን አንድ አድርጎ ከመቍጠር ነው።

ነገሩን ከሃይማኖታችን ወገን ብንመለከተውም ወደዚያው ይመራናል። ሚዳቋና አጋዘን ለክርስቲያንም ሆነ ለሙስሊም የሚበሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ሥጋው በሥርዓት ካልታረደ ገበታ ላይ አይቀርብም። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ባርኮ፥ ሙስሊሙም የአላህን ስም ጠርቶ፥ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ያርደዋል። በመጋላና በከዚራ፥ በአንድ ከተማ ጐረቤት ሆነው የሚኖሩ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች በየልማዳቸው ቢለያዩም፥ ማታ ቆስሎ ሄዶ ጧት ሞቶ የተገኘውን አውሬ «በክት ነው» ብለው በአንድ ቃል ይጸየፉታል። አባቶች ይህን ሥርዓት ሲጠብቁ ለአዳኙም መመሪያ ትተውለታል፤ ደርሰህ ልታርደው የማትችለውን አትተኵስበት ማለት ነውና። ቀጭኑ ነፍጥ ግን አውሬውን ከሠይፉና ከስሙ ያርቀዋል። ሥጋው ለጅብ ይሆናል፤ ቆዳው ይበሰብሳል፤ ቀንዱም በበረሃ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ብክነት የት አለ?

ደግሞም የቀድሞ ሰዎች ለግዳይ የነበራቸውን ሚዛን እናስብ። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ይፎክር ነበር፤ የጆሮ ጕትቻና የጎፈር ጌጥም ነበረው፤ ሕይወቱን ለሞት አሳልፎ ሰጥቶ ተጋፍጧልና። ሚዳቋ የገደለ ሰው ግን አይፎክርም ነበር፤ ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር እንጂ። እንግዲህ ጌጥና ፉከራ የሌለበት አደን ምክንያቱ ሥጋው ብቻ ከሆነ፥ ሥጋው ለገበታ የማይደርስበት አደን ምክንያት የለውም።

«የቀድሞ አዳኞች እኮ በትንሽ እርሳስ ትልቁን ይጥሉ ነበር» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ይህን አንክድም። እነዚያ ሰዎች ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በበረሃ ያደጉ፥ የአውሬውን መንገድና የውሃውን ጕድጓድ የሚያውቁ፥ ካልቀረቡ የማይተኵሱ ነበሩ። በዚህም ላይ የወደቀውን እንጂ የቆሰለውን ታሪክ አይቈጥርልንም፤ ስለ ጣሉት ሲተረክ እንሰማለን፥ ቆስሎ ስለ ሄደው የሚተርክ ግን የለም። የዛሬው ወጣት ሳምንቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ሰንብቶ በቅዳሜ ወደ በረሃ ቢወጣ፥ የእነርሱን ነፍጥ ሊወርስ ይችላል፤ የእነርሱን ዐይንና እጅ ግን በአንድ ቀን አይወርስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

በፍርድ ቤት ብዕር ይዘን የምንውል ሰዎች ስለሆንን፥ ነገሩን በሕግ ሚዛንም ልናስቀምጠው እንወዳለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በ58ኛው አንቀጽ፥ ክፉ ነገር እንዲሆን በቀጥታ ያልፈለገ ሰው እንኳ፥ ሊሆን እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ካደረገው አስቦ እንዳደረገ ይቈጥረዋል። ይህ የተጻፈው ስለ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ለሕሊናም ጥሩ መስተዋት ነው። እርሳሱ ትንሽ መሆኑን ያላወቀ ልጅ ቢተኵስ አለማወቅ ነው፤ ይመከራል። ትንሽ መሆኑን፥ ርቀቱ ብዙ መሆኑን፥ አውሬው ቆስሎ ሊሄድ እንደሚችል አውቆ «ምናልባት ይወድቅ ይሆናል» ብሎ የሚተኵስ ሰው ግን፥ «ላቆስለው አልፈለግሁም» ቢል ሕሊናው አይቀበለውም። ያን «ምናልባት» የሚከፍለው አውሬው ነውና።

የሌሎች አገሮች ሕግ አውጭዎችም በዚህ ነገር ደክመዋል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፥ በአፈ ሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ዋላ ለማደን የአፈ ሙዙ ስፋት ከ10 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳያንስ፥ ከዚያ ለሚበልጡት ታላላቆች ደግሞ ከ12.7 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ተወስኗል። በፔንሲልቫኒያ ከ1974 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ ለባልጩት ነፍጥ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አለ፤ በዚያም ለስፋቱ ወሰን ተደርጎለታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1991 የወጣው የዋላ ሕግ የጠመንጃውን ስፋት ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ከአፈ ሙዝ ሲወጣ የሚኖረውን ኃይል ጭምር ወስኗል። ኮሎራዶና ፔንሲልቫኒያ አሮጌውን መሣሪያ አልከለከሉም፤ እንዲያውም አክብረው የራሱን ወቅት ሰጥተውታል። የከለከሉት ከአውሬው ጋራ የማይመጣጠነውን ነው። አስተዋይነት ማለት ይህ ነው።

በአገራችንም የዱር አራዊትን ለመጠበቅ በ1944 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አዋጅ ወጥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለ ጦር መሣሪያም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ያዝዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነፍጡ ይጥላልን?» አይደለም፤ «ፈቃድ አለህን?» ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ነፍጡ ሰፊም ቢሆን ጠባብም ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃል። የዱር አራዊቱ ቍጥር እንደ ቀድሞው አለመሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ እዚህ ደርሶ ከተማችን ስትቈረቈር በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ሰው የማይበዛበት ነበር፤ ዛሬ ግን ከተማውም፥ እርሻውም፥ ከብቱም፥ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም ስፍራውን ይዘውታል። ከጥቂቶች መካከል አንዱን አቍስሎ ማባከን፥ ከብዙዎች መካከል እንደ ማባከን አይቈጠርም።

በዚህ ላይ ልናልፈው የማንወድደው አንድ ነገር አለ። ከእኛ የሚርቅ የገጠር ሰው፥ ማሽላውን አውሬ የሚበላበት፥ ከአሮጌ ነፍጡ ሌላ መሣሪያ የሌለው ድሀ አለ። ይህን ሰው በከተማ ተቀምጠን ስለ ሚሊ ሜትርና ስለ ግራም ልንፈርድበት አይገባም። የእርሱ ነገር የችግር ነው፤ የሚገባውም የጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ቀርበው እንዲረዱት፥ አጥሩን እንዲያጠብቅ፥ ልጆቹም እርሻውን እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። እኛ ቃላችንን የምናቀናው ወደ ሹሙና ወደ መኰንኑ፥ ሥጋ በገበያ ወደሚገዛው፥ ለመዝናናት ወደሚወጣው ነው። የተቸገረው ሰው ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል፤ የጠገበው ሰው ግን ምርጫ ስላለው ጥፋቱም ይከብዳል። ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር በአጭሩ እንስጥ።

በመጀመሪያ፥ አባት ሆይ፥ ልጅህ ስለ ግድግዳው ነፍጥ ሲጠይቅህ ስለ አያቱ ጀግንነት ብቻ አትተርክለት፤ አውርደህ አሳየው። አፈ ሙዙን ለካለት። አስቀድመህ ግን በውስጡ የቀረ ባሩድ እንደሌለ አዋቂ ሰው ይመርምርልህ፤ ለብዙ ዘመን ጎርሶ የተሰቀለ ነፍጥ ሊኖር ይችላልና። በአሮጌ ብረት ባሩድ ሞልቶ መተኰስ ለተኳሹም አደጋ ነው፤ የዛገ አፈ ሙዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ሕግ ፈቅዶልህ የምታድን ከሆንህ መሣሪያህን ለአውሬው አመጣጥን። ለትንሹ የተሠራውን ለትልቁ አታንሣ። «ከዚህ ርቀት አሥር ጊዜ ብተኵስ አሥሩን በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ አሳርፋለሁን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስህ «አይደለም» ከሆነ ቅረብ፤ መቅረብ ካልቻልህም ተመለስ። ሳይተኵሱ መመለስ ለአዳኝ ውርደት አይደለም።

ሦስተኛ፥ የተኰስህበትን አውሬ እስክታገኘው ድረስ ያ ቀን የአንተ አይደለም። ቢመሽ ነገ ጧት ተመልሰህ ፈልገው። ከፋና አዋቂ ሰው ጋራ ሂድ። ፈልጎ ማግኘት የማይችል ሰው መተኰስ አይገባውም።

አራተኛ፥ እመቤቶቻችንም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሥጋ ወደ ጓዳ ሲገባ «ምን ያህል ነው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «እንዴት ሞተ? በስንት ተኵስ? የቆሰለ ሌላ አለን?» ብለው ይጠይቁ። በማዕድ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ በበረሃ ያለውን እጅ ያርማል። ልጆችም ይህን ሲሰሙ ያድጋሉ፤ የሰሙትም ነገር በልባቸው ይቀራል።

አምስተኛ፥ የተኵስ ጥበብን ለሚወድ ወጣት በሕግ በተፈቀደ ስፍራ በኢላማ ላይ መተኰስ ይበቃዋል። አሮጌው ቀጭን ነፍጥ በኢላማ ላይ ሲተኵሱበት ትዕግሥትንና ጥንቃቄን የሚያስተምር መልካም መምህር ነው። ሰሌዳውና እንጨቱ አያቃስቱም፤ ሳትኩት ሲባልም በእውነት ስቶታል ማለት ነው። አራዊቱንም ማየት የሚወድ፥ በ1958 ዓ.ም. ወደተቋቋመው ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ ሳላው በሜዳው ሲሰማራ በዐይኑ ያድን፤ ይህን አደን የሚከለክል ሕግም ሕሊናም የለም።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ጠመንጃ ለሰው የተሰጠ ትልቅ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣንም ሁሉ ከልክ ጋራ ካልሆነ ግፍ ይሆናል። ሹም በሰው ላይ፥ አባት በልጁ ላይ፥ አዳኝም በአውሬ ላይ ያለው ሥልጣን በአንድ ሚዛን ይመዘናል፤ ይኸውም የሚያደርገውን ነገር እስከ ፍጻሜው ሊፈጽም የሚችል መሆኑንና ፍጻሜውንም በራሱ ዐይን ሊያይ የሚደፍር መሆኑን በመመርመር ነው። ቀጭን ነፍጥ ይዞ በትልቅ አውሬ ላይ የሚተኵስ ሰው ጀምሮ የማይጨርስ፥ አቍስሎም የማያይ ነው። ልጆቻችን የጀመሩትን የሚጨርሱ፥ ሊጨርሱት የማይችሉትን ደግሞ የማይጀምሩ ሆነው ቢያድጉ፥ ትምህርቱ ከአደን አልፎ ለፍርድ ወንበርና ለአገር አስተዳደርም ይጠቅማቸዋል።